ቀንጠፍጣፋ ያልሆነው እሾህ፤ ከእስቴ በስማዳ ወደ ጋይንት

ከጉዞዬ ከተመለስኩ ጀምሮ የጨርጨር ዘመዶቼ በአንድ ጥያቄ ይዛችሁኛል፤ «በጌምድር ምን በላህ? ምን ላይ ተኛህ?» የሄድኩበትን ጉዳይ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው የለም። ልቀየማችሁ አሰብኩና መልሼ ተውኩት፤ እኔም ብሆን እሾህ ፍለጋ ሄዶ የመጣን ሰው ስለ እሾህ አልጠይቀውም። ስለዚህ የሆዱንም የሥራውንም ነገር አቀላቅዬ፣ ቀኑን ተከትዬ እጽፍላችኋለሁ።

ሥራዬ የደን ነገር መሆኑን ታውቃላችሁ። በእስቴ፣ በስማዳና በጋይንት የአብያተ ክርስቲያናቱን ደን አንድ እሾህ እየዋጠው ነው የሚል ወሬ ሸዋ ካለው መሥሪያ ቤታችን ደረሰና የበላዬ ጠርቶ፣ «ሂድ፤ ምን እሾህ እንደሆነ ለይ፤ ማጥፊያውን ነግረሃቸው ተመለስ» አለኝ። ሲናገረው ቀላል ነበር። ዐቢይ ጾም መግባቱንም፣ የመንገዱንም ነገር እሱ አላነሣ፣ እኔም አልጠየቅሁ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የሚባለው ለመንገደኛም ኖሯል።

ሐሙስ

ከደብረ ታቦር የተነሣሁት ጨው በጫነ መኪና ነው። ከሾፌሩ አጠገብ ያለውን ቦታ አንዲት አራስ ስለያዘችው እኔ ከሌሎቹ ጋር ከረጢቱ ላይ ተቀመጥኩ። እኛ አገር ጨው የሚመጣው በግመል ነው፤ ግመል ደግሞ ክፉ ጠባይ ቢኖረውም አቀበት ላይ «ውረዱና ግፉ» አይልም። ይህ መኪና ይላል። እየወረድን ገፋን፤ ከገፊዎቹ አንዱ ሽማግሌ ቄስ ነበሩ። ሞተሩ ሲነሣ ሾፌሩ «የአባ ጸሎት ነው!» ቢላቸው፣ ትከሻቸውን እያሹ «ጸሎቱንስ ገና አልጀመርኩትም፤ ይኼ ጉልበቴ ነው» አሉት።

መካነ ኢየሱስ ስንገባ ፀሐይ ዘቅዝቃለች። ማረፊያ የተነገረኝ እማሆይ ወለተ ማርያም ከሚባሉ መነኩሲት ዘንድ ነበር። ባላቸው ከሞቱ በኋላ መንኩሰው፣ መንገደኛ መቀበልን እንደ ሌላ ጸሎት ይዘውታል። ገና ከመቀመጤ ውኃ አሙቀው መጡና እግሬን ራሳቸው አጠቡኝ። በእኛ ዘንድ ለእንግዳ የሚቀርበው የእጅ ውኃ ነው፤ እግሩን ራሱ ያውቅበታል። በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ጣቶቼን አንድ በአንድ እያሹ ሲያጥቡኝ የት እንደማይ ጠፋኝ፤ ጣራውን ሳይ ቆየሁ።

ራቱ የገብስ እንጀራ በሽሮና በስልጆ ነበር። ስልጆ በእኛ አገር የለም፤ ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ የሚሠራ፣ ሰናፍጭ የገባበት የጾም ምግብ ነው። እርጎ መስሎኝ በትልቁ ጎረስኩት። ሰናፍጩ አፍንጫዬን ይዞ እስከ ግንባሬ ወጣ፤ እንባዬ ወረደ።

እማሆይ አዩኝና፣ «ጾሙ ነው ያስለቀሰህ፣ ስልጆው?» አሉኝ።

«ሁለቱም፣ እማሆይ።»

«እንግዲያማ በረከቱ እጥፍ ነው» ብለው ጨመሩልኝ።

ዓርብ

ቀኑን ሙሉ በመካነ ኢየሱስ ዙሪያ ያሉትን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ዞርኩ። ሰዎቹ «እሾህ» እያሉ ያሳዩኝ ሁሉ ቀንጠፍጣፋ ነበር። ቀንጠፍጣፋ ማለት ወደ ኋላ የተቆለመመ እሾህ ያለው፣ ዛፍ ላይ የሚንጠላጠል ያገራችን ቁጥቋጦ ነው። አበባው ነጣ ያለ ነው፤ ፍሬው ቀይ፣ እንደ ክንፍ የሳሳ፣ ነፋስ የሚወስደው። ልብስ ይቀዳል፣ ሰው ያማርራል፣ ደን ግን አይገድልም። ደኑና እሱ ከጥንት ጀምሮ ተዋውቀዋል። ለማነጻጸሪያ ከደኑ ውጭ አንድ ቅርንጫፍ ከነፍሬው ቆርጬ ያዝኩ። የኮቴ እጅጌ ለዚህ እውቀት ተቀደደ፤ «መጥቼ የማውቀውን እሾህ አይቼ ልመለስ ነው» ብዬ ተናደድኩ።

በዘጠኝ ሰዓት ከቅዳሴ የተመለሱት እማሆይ እጅጌዬን ሊሰፉልኝ ተቀመጡ። መርፌው ውስጥ ክር ሲያስገቡ መቁጠሪያቸውን ከአንገታቸው አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ዐይኔ እሱ ላይ ቀረ። ዶቃው እንጨት አይደለም፤ ጠይም፣ ዝንጉርጉር፣ እንደ ጠጠር የጠነከረ የተክል ፍሬ ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ። ልጆች ሆነን ብይ የተጫወትንበት፣ ጠላት ሰፈሩን ያጠረበት፣ ከዚያ አልፎ የአጎቴን የላይኛውን የቡና ማሳ የዋጠው የዚያ ቢጫ አበባ እሾህ ፍሬ ነው። አጎቴ ያን ማሳ ትቶ ወደ ቆላ የወረደው በሱ ምክንያት ነው።

«እማሆይ፣ ይህ ፍሬ ከየት መጣ?»

«ተጋይንት ነው፣ ልጄ። ተድጓው ቤት ተቤተ ልሔም ወዲህ ካንዲት የማርያም ደብር። በንግሥ የሄደ ሁሉ ይዞ ይመለሳል፤ በረከት ነው። በጋለ ወስፌ ይበሳል።» ከዚያም ከሙዳይ ውስጥ ያልተበሱ ጥቂት ፍሬዎች አውጥተው አሳዩኝ። «እኒህን እንኳ ክረምት ሲገባ ተዚህ ተቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ልተክላቸው ነበር።»

እሾሁ ከየት እንደሚነሣና እንዴት እንደሚጓዝ ገባኝ። ምእመናኑ በገዛ እጃቸው፣ እየተሳለሙ፣ ከደብር ወደ ደብር ያደርሱታል። ነገሩን በልስላሴ አስረዳኋቸውና ያልተበሱትን ለመንኳቸው። ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሰጡኝ፤ «እሳት ላይ የምትጥለው እንደሆነ ግን እኔ አልሰማሁም» አሉኝ።

ቅዳሜ

ወደ ስማዳ በበቅሎ ተነሣን። የበቅሎዎቹ ባለቤት ፈንታ ይባላል፤ የእስቴ ሰው፣ ረጅም፣ አንደበቱ የማያርፍ። ጎረቤቶቹ ሁሉ ያውቁታል፤ በየደጁ ቆሞ ሰላምታ ሲሰጥ ግማሽ ቀን አለቀ። እሾህ ለማየት ከሸዋ ድረስ መላኬን ሲሰማ በሳቅ ሞተ።

«ጌታው፣ እሾህ እኮ እኛ ጓሮ ሞልቷል። ቢልኩብን በበቅሎ ጭነን እናመጣልዎ አልነበር?»

መንገዱ ለበቅሎም መንገድ አይደለም። አንድ ገደል አፋፍ ላይ የኔዋ በቅሎ ቆመች፤ ብለምን፣ ብገፋ፣ አልነቃነቅም አለች። ፈንታ «ይውረዱላት፤ ክብር ትፈልጋለች» አለኝ። ስወርድ ቀድማኝ ሄደች፤ እኔም ቁልቁለቱን በቂጤ ጨረስኩት። የስማዳ ከተማ ወገዳ የደረስነው ከገበያ ከሚመለስ ሰው ጋር ተደባልቀን፣ አቧራ ለብሰን ነው።

ያደርነው ከአንድ ገበሬ ቤት ነው። ቤቱ ከታች ጥጆች፣ ከላይ ሰው የሚያድርበት የድንጋይ ቤት ነው። በእኛ አገር ከብትና ሰው በግድግዳ ይለያያል፤ እዚህ ብርዱ አንድ አድርጓቸዋል። ሰውየው ያላቸውን አንድ ቁርበት ለእኔ አንጥፈው እሳቸው መሬት ላይ ጋቢያቸውን ተጠቅልለው ተኙ። ብከራከር «እንግዳ አይከራከርም» ብለው ዘጉኝ። ቁንጫው በጣም ብዙ ነበር፤ ነገር ግን እንዲህ ካሉ ሰው ቤት ስለ ቁንጫ የሚያወራ ነውረኛ ነው።

እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ

እሑድ ቅዳሴ አስቀድሰን ዋልን። ሰኞና ማክሰኞ ወደ ጋይንት ነው፤ ሸለቆ መውረድ፣ ወንዝ መሻገር፣ ሸለቆ መውጣት። ከስንቃችን ቆሎና ዳቦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይነካም። ለእኔ ጾም ማለት ሥጋ መተው ነበር፤ ፈንታ ግን ገደል ሲወጣ እንኳ ውኃ አይቀምስም። አንድ ጊዜ ከጀርባው ተደብቄ ቆሎ ስቆረጥም ሰማኝና፣ ዞር ሳይል «በቅሎዋ ናት የምትቆረጥመው መቼም» አለኝ። የቀረውን ቆሎ ኪሴ ውስጥ መለስኩት።

ከወንዙ ማዶ በመንገዱ ዳር ቢጫ አበባ ያለውን እሾህ ማየት ጀመርኩ። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ሁለት፣ ሁሉም እግረኛ አረፍ ከሚልበት ዛፍ ሥር። ተሳላሚ አርፎ ሲነሣ ከመቀነቱ የወደቀ ነው። መንገድ የጠፋው ሰው ይህን እሾህ ተከትሎ ደብሩ መድረስ ይችላል፤ እኛም ደረስን።

ረቡዕ

የደብሩን ስም አልጽፈውም፤ ሰዎቹ ደግ ስለነበሩ ስማቸውን ላስነሣ አልፈልግም። ከቤተ ልሔም ብዙ አይርቅም፤ የድጓ ተማሪዎች በመንገዱ ሲመላለሱ ይታያል። ከሩቅ ሲያዩት ደኑ ጥድ፣ ወይራና ዋንዛ ነው። በምሥራቅ በኩል ግን አረንጓዴ ብርድ ልብስ የተደረበበት ይመስላል። ቀረብ ስንል ብርድ ልብሱ ያ እሾህ ነው፤ ዛፎቹ ላይ ወጥቶ፣ ሸፍኗቸው፣ ከሥሩ ደርቀው ቆመዋል። ፍሬው ቀይ ክንፍ አይደለም፤ ጫፉ እንደ ወፍ ምንቃር የሾለ ቡናማ ቆባ ነው። በፀሐይ ሲደርቅ ጠሽ ብሎ እየተሰነጠቀ ፍሬውን ይበትናል።

የደብሩ አለቃ፣ አለቃ ጥበቡ፣ በቤታቸው አሳደሩን። ምሑር ናቸው፤ ንግግራቸው ዝግ ያለ፣ ዐይናቸው ፈጣን። ያየሁትን ነገርኳቸው።

«ቀንጠፍጣፋ ነው» አሉ። «የማርያም አጥር ነው። የአክሊለ ሦክ ዘር ነው የሚሉም አሉ። ምን ይደረጋል? ከጥንት ግዝት አለብን።» ግዝቱንም በቃላቸው አሉልኝ፤ «ከዚህች ደብር ደን ቅጠል የበጠሰ፣ ቅርንጫፍ የሰበረ፣ ባዕድ ዘር ያገባባት፣ የተገዘተ ይሁን።»

በዚህ አገር በግዝት የሞተ ሰው ፍትሐት አይደረግለትም፤ ከቤተ ክርስቲያን አፈርም አይገባም። ደኑ እስከ ዛሬ የቆመው በዚህ ነው። እኛ ጫካችንን በዘበኛ ጠብቀን ዘበኛው ራሱ ከሰል ሲያከስለው፣ እነሱ በአንድ ቃል ብቻ ጠብቀውታል።

«አባ፣ ይህ ባዕድ ነው» አልኳቸው። «ቀንጠፍጣፋ እንዳልሆነ በአበባውም በፍሬውም አሳይዎታለሁ። ሰው ያመጣው ነው።»

«ያመጣውን አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«እንግዲህ በደኗ ውስጥ እግዚአብሔር ያበቀለው የደኗ ነው፤ አልነካውም። ሰው አምጥቶት ከሆነ ባዕድ ነው፤ ይነቀላል። ምስክር አምጣልኝ።» ነገሩን በዚህ ዘጉት። ክፋት አልነበረበትም፤ ሕግ ነው። እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን ከሩቅ አገር መጥቶ ዶማ አምጡ የሚልን ሰው አላምንም።

ሐሙስና ዓርብ

በሚቀጥሉት ቀናት ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ካለ ድንጋይ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው የሚውሉ ሽማግሌ አየሁ። ግራዝማች አድማሱ ይባላሉ። ሳል ይዟቸዋል፤ ትንፋሻቸው ከሩቅ ይሰማል። አለቃ ጥበቡ በወጡ በገቡ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ ይጠይቋቸዋል።

«ትርንጎ ዘንድ መንገድ አይከፈትም?»

«ግራዝማች፣ ግዝቱን ያውቁታል። በምዕራብ በኩል ጥሩ ቦታ አለ ብያለሁ።»

«ምዕራቡን ለሌላ ስጡት።»

ትርንጎ ሚስታቸው ነበሩ። መቃብራቸው በምሥራቅ በኩል፣ ከእሾሁ ሥር ነው። ግራዝማች የሚቀጥለውን ፋሲካ እንደማያዩ ራሳቸውም፣ ሌላውም ያውቃል፤ ከሚስታቸው አጠገብ መቀበር ይፈልጋሉ። ቁጥቋጦው ውስጥ ሳይቆርጡ እባብ እንጂ ሰው አይገባም።

ምስክር ፍለጋ ሽማግሌዎችን ጠየቅሁ። ሁሉም «ድሮም ነበረ» ይላል፤ ድሮ መቼ እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ሰው ያልነገረኝን ተክሉን ልጠይቀው ብዬ ግንዶቹን መመልከት ጀመርኩ። ከዳር ያሉት እንደ ጣት የቀጠኑ ናቸው፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ይወፍራሉ። በደረቴ እየተሳብኩ፣ የተሰፋልኝን እጅጌ እንደገና እያስቀደድኩ ወደ ወፍራሞቹ ሄድኩ። ከሁሉ የሚወፍሩት፣ እንደ ሰው ጭን ያሉት፣ አንድ የድንጋይ ክምር ከበው በሥርዓት ተሰልፈው ቆመዋል። ወፍ የዘራው እንዲህ አይሰለፍም። ክምሩ የማን መቃብር እንደሆነ ፈንታን አስጠየቅሁት። የወይዘሮ ትርንጎ ነው አሉት።

ቅዳሜ

ግራዝማች ራት ጋበዙኝ። የወንድማቸው ልጅ የባቄላ ንፍሮ፣ የተልባ ወጥና ጠላ አቀረበችልን። እሳቸው ሳይቀምሱ እኔ እንድበላ ይጎተጉቱኛል። እኛ አገር ባለቤቱ ካልቀደመ እንግዳ አይጀምርም፤ እዚህ ባለቤቱ እንግዳው ሲጠግብ ማየት ነው የሚፈልገው። ልጅቱ ስትወጣ ሽማግሌው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ቁጥቋጦው ውስጥ ገብተህ ነበር አሉ» አሉኝ።

«አዎ፣ አባቴ። ግንዶቹን አየሁ።»

«ታውቃለህ ማለት ነው?»

«እኔ እንጨት ነው የማውቀው። በሰው ላይ አልመሰክርም።»

ረጅም ሳል ሳሉ። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ነገሩኝ። ትርንጎ የሞቱት ጠላት ከአገር በወጣበት ሰሞን ነው። ጅብ መቃብራቸውን ደጋግሞ ቆፈረው፤ ግራዝማች ድንጋይ ቢከምሩ አልበቃም። ለጉዳይ ደብረ ታቦር ሄደው ሳለ ጠላት ትቶት የሄደው ሰፈር በዚህ እሾህ ታጥሮ አዩ፤ ውሻ እንኳ አያሳልፍም። ፍሬውን በመቀነታቸው ቋጥረው አምጥተው፣ ሰው ሳያይ በመቃብሩ ዙሪያ ተከሉት።

«አጥር ይሁንላት ብዬ ነው። ‹ባዕድ ዘር ያገባባት› የሚለውን አላሰብኩትም ነበር። ባሰብኩት ጊዜ ደግሞ አድጎ ነበር።»

አጣብቂኛቸው እንዲህ ነው። ዝም ካሉ እሾሁ የማርያም አጥር ሆኖ ይኖራል፤ ከትርንጎ ተለይተው ይቀበራሉ። ከተናገሩ መንገዱ ይከፈታል፤ ነገር ግን ግዝት ላይ ናቸውና ፍትሐት ላይደረግላቸው፣ ከምዕራቡም ከምሥራቁም አፈር ሊከለከሉ ይችላሉ። አሳዘኑኝ። ስለ እሾህ እንጂ ስለዚህ ማንም አላስተማረኝም። አመስግኜ ወጣሁ።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ አለቃ ጥበቡ ሕዝቡን ደጀ ሰላም አቁመው «ይህ ሰው የሚለው አለው» አሉ። ከእስቴ ያመጣሁትን የቀንጠፍጣፋ ቅርንጫፍና የዚህን እሾህ ቅርንጫፍ ጎን ለጎን አሳየሁ። ቀዩን ክንፍና ባለ ምንቃሩን ቆባ ሰው እየተቀባበለ አየው። «እውነትም ይለያል» የሚል ጉምጉምታ ተሰማ። አለቃ ግን የጠበቅሁትን ጠየቁ።

«ይለያል። ማን አመጣው?»

እኔ የማውቀውን ይዤ ዐይኔን ወደ ፈንታ መለስኩ። ከኋላ የከዘራ ድምፅ ተሰማና ሕዝቡ ገለል አለ።

«እኔ ነኝ» አሉ ግራዝማች አድማሱ። «ለትርንጎ ብዬ በገዛ እጄ ተከልኩት። እኔው ነኝ።»

አለቃ ጥበቡ ፊታቸው ተለወጠ። ያን ሁሉ ዘመን በግዝት ሆነው ደጀ ሰላም የተመላለሱ፣ ጸበል የጠጡ፣ የቆረቡ ሰው ናቸው። ካህናቱ ከወይራው ሥር ገለል ብለው ተመካከሩ። ግራዝማች አልተቀመጡም፤ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመው ጠበቁ። አንዲት ሴት መቀመጫ ዱካ ብታመጣላቸው በእጃቸው መለሷት።

አለቃ ተመለሱ። «የተከለ ይንቀል» አሉ። «ባዕድ መሆኑ ታውቋልና ይቆረጣል፤ ከደኗ ዛፍ ግን አንዲት ቅጠል እንዳትነካ። የመጀመሪያውን ሥር ግራዝማች በገዛ እጃቸው ይንቀሉ። ሥሩ ከወጣ ግዝቱም ከሳቸው ይውጣ። ካልወጣ አልፈታም።»

የሰዉ ዐይን ሁሉ ወደ ሽማግሌው እጆች ዞረ። ከዘራውን እንኳ በጭንቅ የያዙ እጆች ናቸው። እኔም ያን የሰው ጭን የሚያህል ግንድ አስታወስኩና ፍርዱ ጨካኝ መሰለኝ፤ አሁንም ይመስለኛል።

ሰኞ

ማለዳ ወንዱ ሁሉ ገጀራ፣ መጥረቢያና ዶማ ይዞ መጣ። እናንተም የዚህ እሾህ ጎረቤቶች ናችሁና አሠራሩን ልንገራችሁ። ግንዱን ብቻ መቁረጥ ማባዛት ነው፤ ከሥሩ እጥፍ ሆኖ ይበቅላል። መጀመሪያ ከዛፍ ላይ የተንጠላጠለው ይቆረጥና እዚያው ይተዋል፤ ከዛፉ ጋር አይጎተትም። ከዚያ አንገቱ፣ ግንድና ሥር የሚገናኙበት፣ በዶማ ተቆፍሮ ይወጣል። ቆባው ሳይፈነዳ በባዶ ቦታ ተከምሮ ይቃጠላል። ቅርንጫፉን ለበረትም ሆነ ለአውድማ አጥር መውሰድ ክልክል ነው። ክረምት ሲገባ የወደቀው ፍሬ ሁሉ ይበቅላልና ችግኙን በእጅ መንቀል ነው፤ ይህም የአንድ ክረምት ሥራ አይደለም። አለቃ ጥበቡን፣ «ተሳላሚዎች ፍሬውን ለበረከት እንዳይወስዱ ይከልክሉልኝ» ብላቸው፣ «በረከት አትውሰዱ ብዬ አላዝዝም፤ ጠበል ይውሰዱ እላለሁ» አሉኝ። ጥሩ መፍትሔ ነው።

ፈንታ ለሥራ የመጣ ሰው አልነበረም፤ ቢሆንም «እሾህን በእሾህ ነው፤ እኔን የመሰለ የት ይገኛል?» ብሎ ዶማ ተቀብሎ ፊት ገባ። ሰዎቹ የወይራውን ቅጠል ላለመንካት ቅርንጫፉን በእጃቸው እያቀፉ፣ እሾሁን እየፈለቀቁ ይሠሩ ነበር። እንዲህ ተጠንቅቆ የሚቆርጥ ሰው አይቼ አላውቅም፤ እኛ ዛፉንም እሾሁንም አንድ ላይ ነበር የምናወርደው። ቀትር ካለፈ በኋላ መቃብሩ ጋ ደረስን። ድንጋዩ እንደተከመረ ነው። እሾሁ ከበቀለ ወዲህ ጅብ ነክቶት አያውቅም፤ አጥሩ የተተከለበትን ሥራ ሠርቷል።

ግራዝማችን በቃሬዛ አመጧቸው። ካባቸውን አውልቀው ከወፍራሙ ግንድ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። ፈንታ አለቃን «መንቀሉ የሳቸው ነው፤ አፈሩን ማራቅስ?» ብሎ ጠየቀ። አለቃ ጥበቡ ሰማዩን አዩ፣ መሬቱን አዩ። «ስለ አፈር ያልኩት ነገር የለም» አሉ።

ፈንታና አምስት ስድስት ሰዎች ሆነው በዙሪያው ቆፈሩ። ሥሩን የነካ የለም፤ አፈሩን ብቻ ወደ ጥልቁ ተከትለው አወጡት። መሬቱ በበጋው ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ ሲያልባቸው ጋቢያቸውን እየጣሉ ቆፈሩ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ የሚበላ ግን አልነበረም፣ አንድም ሰው ስለ ምግብ አላነሣም። እኔም ረኃቤን ረሳሁ። ሥሩ ብቻውን ጉድጓዱ ውስጥ እንደ ጥርስ ቆሞ ቀረ።

ግራዝማች ሁለት እጃቸውን አንገቱ ላይ አደረጉ። ሳቡ፤ አልመጣም። ሳሉ፤ አረፉ። የወንድማቸው ልጅ ልትይዝላቸው ብትጠጋ አለቃ ገሠጿት። እንደገና ሳቡ። መዳፋቸው ደማ። አንገቱ ሲያዘም፣ ሲነቃነቅ፣ ከታች የሆነ ነገር ጧ ብሎ ተበጠሰና ሥሩ ከነሽማግሌው ወደ ኋላ ወደቀ። ሰዉ እልል አላለም፤ ጾም ነው። አለቃ ጥበቡ መስቀላቸውን በሽማግሌው ግንባር ላይ አድርገው «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉ።

ሰዎቹ ሊያነሷቸው ጎንበስ አሉ። ግራዝማች አልነሣም አሉ። በወደቁበት በጀርባቸው ተንፏቀው ከትርንጎ ድንጋዮች ጎን፣ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አድርገው ተዘረጉ፤ እጃቸውንም ደረታቸው ላይ አጣመሩ። ዐይናቸውንም ጨፈኑ። ከዚያ ዐይናቸውን ሳይገልጡ ተናገሩ።

«እዚህ በግራ በኩል ትንሽ ቀርቷል» አሉ። «ትከሻዬን ይወጋኛል።»

ፈንታ ዶማውን አንሥቶ በግራ በኩል ገባ።